እግር ያልተሰጠው ኪፕኬተር

በናንዲ ኮረብታዎች መሀል ባለችው ካፕሮሪዮት መንደር ጠዋት ተነስቶ የማይሮጥ ሰው ካለ ወይ ታሟል፣ ወይ አርጅቷል፣ ወይ ደግሞ ኪፕኬተር ነው። ኪፕኬተር አልታመመም፤ አላረጀምም። ሠላሳዎቹን ሊያገባድድ የተቃረበ፣ ፊቱ ክብ፣ ሆዱ ከቀበቶው በላይ ደልደል ብሎ የተቀመጠ፣ ሳቁ ከጉብታው ማዶ የሚሰማ የወተት ነጋዴ ነው። ሯጮቹ በቀዩ መንገድ አቧራ እያስነሱ ሽቅብ ሲወጡ እሱ የወተት ጀሪካኖቹን ከኋላው አስሮ በሞተር ብስክሌቱ ቁልቁል ይወርዳል። ሲተላለፉም ዝም ብሎ አያልፋቸውም። ምን እንደጠፋባቸው ቢነግሩት አብሮ እንደሚፈልግላቸው ይጮህላቸዋል። ሳቅ ትንፋሽ ይጨርሳልና ልጆቹ ላለመሳቅ ይታገላሉ፤ የሯጮቹ ካምፕ አሰልጣኝ ሮኖም በዚህ የተነሳ በልምምድ ሰዓት ዓይንህን አልየው ብሎታል።

ይህ ሰው የኪሙታይ መንታ ወንድም ነው ቢባል ከሌላ ቦታ የመጣ እንግዳ ቀልድ ይመስለዋል። ኪሙታይ በአውሮፓ ከተሞች ማራቶን ደጋግሞ ያሸነፈ፣ ጉንጩ ጎድጎድ ያለ፣ ባቱ የቀጠነ፣ ቃል ከአፉ በስንት ልመና የሚወጣ ዝምተኛ ነው። አሸንፎ ሲመለስ አየር ማረፊያ ድረስ ሄዶ ሙርሲክ የሚባለውን የረጋ ወተት በቅል የሚያጠጣው ኪፕኬተር ነው። ወተቱን ከገዛ ላሞቹ ያልባል፣ ቅሉን ራሱ ያጥናል፣ እስኪረጋ ይጠብቃል፤ በደንብ መርጋቱን ለማረጋገጥም ደጋግሞ ይቀምሳል። ሆዱ ከየት መጣ ለሚል ሰው መልሱ ከዚህ አይርቅም።

አንተስ ለምን አልሮጥክም ሲሉት መልሱ አንዲት ናት፤ «እግር አልተሰጠኝም» ይላል። ይህን ሲል አያዝንም። እንዲያውም ይመቸዋል፤ ያልተሰጠውን ሰው ማን ይጠይቀዋል? በብርዱ ወጥቶ ዳገት መጋፈጥ የተሰጣቸው ሰዎች ጣጣ ነው። የሱ ድርሻ ከሚስቱ ከጄሩቶ ጋር እሳት ዳር ተቀምጦ ሻዩን በወተት መጠጣት፣ ልጆቹን ማሳቅና ላሞቹን ማለብ ነው። በዚህ ድርሻው ደግሞ ከልቡ ደስተኛ ነበር።

ነገሩ የተቆረጠው ገና በተወለዱ ሰሞን ነው። እኛ ዘንድ ሕፃን ሲወለድ ሴቶቹ ከበውት ተቀምጠው የሞቱ ዘመዶችን ስም አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ ወደ አፍንጫውም ትንሽ ሱረት ያስጠጉለታል። ሕፃኑ ባስነጠሰ ጊዜ ስሙ እየተጠራ የነበረው ሰው ነው ተመልሶ የመጣው። ጎህ ሲቀድ የተወለደው ኪሙታይ የአራፕ ሌል ስም ሲጠራ አስነጠሰ። አራፕ ሌል የተዘረፉ ከብቶችን ዱካ ተከትሎ እስከ ቆላው ሮጦ ከነጥጃቸው የመለሰ ሰው ነበር። ሁለተኛው አልመጣ ብሎ ስላስቸገረ እናታቸውን ወደ ጤና ጣቢያ ሊወስዷት ሲያወጧት በረንዳው ላይ ዱብ አለ፤ በዚያው ኪፕኬተር፣ የበረንዳው ልጅ ተባለ። እሱ ያስነጠሰው በአያቱ በአራፕ ቱዌይ ስም ነው። አራፕ ቱዌይ እንኳን ለከብት ለዝናብም ሮጦ አያውቅም፤ ዶፍ እየወረደበት በመንገድ ያገኘውን ሁሉ የልጆቹንና የላሞቹን ደህንነት እየጠየቀ ነበር የሚሄደው።

ከዚያ በኋላ ማን ይመራመር? አንዱ የሯጭ ነፍስ፣ አንዱ የእግረኛ ነፍስ ይዞ መጥቷል ተባለ። ለመልእክት ኪሙታይ ይላካል፤ ኪፕኬተር ላም ሥር ይቀመጣል። ትምህርት ቤት ውድድር ሲኖር አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው የወንድሙን ሹራብ ይዞ ይጮኻል። መልካቸው አንድ መሆኑን ያስተዋለ ቢኖርም ጉዳዬ አላለውም፤ እኛ ሰፈር ሰው የሚታየው ከጉልበቱ በታች ነው። ኋላም አንዱ ሲከሳ ሌላው ሲወፍር መመሳሰላቸው ጨርሶ ተረሳ።

እንዲህ እንዳሉ ዶክተር ናሊያካ ከኤልዶሬት መጣች። ሩጫና ዘር ምን እንደሚያገናኛቸው የምታጠና ወጣት ሐኪም ናት። የሯጮችን ምራቅ ትሰበስባለች፤ ከየቤቱ ደግሞ የማይሮጥ ወንድም ወይም እህት ለማነጻጸሪያ ትፈልጋለች። ኪፕኬተር ይህን ሲሰማ ደስታውን ቻለው ማለት አይቻልም። እኔ ማነጻጸሪያ ነኝ፣ እኔ ባልኖር የኪሙታይ ነገር በምን ይታወቅ ነበር እያለ መንደሩን ዞረ። ምራቁንም በብልቃጧ ውስጥ ሲተፋላት እንዳይሞላባት መለመን ነበረባት።

ውጤቱን ይዛ ስትመለስ ሁለቱን ወንድማማቾች ለብቻቸው ላነጋግር ብላ ነበር። ኪፕኬተር ግን በዚህ ቤት የሚደበቅ ነገር የለም ብሎ ግቢው ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ሻይ አስቀድቶ አስቀመጣት። ኪሙታይ ነበር፤ ጄሩቶ ነበረች፤ አሮጊቷ የአባታቸው እህት ሴንጌ ታብሉሌ፣ አሰልጣኝ ሮኖና ወሬ የሸተተው ጎረቤት ሁሉ ነበረ። ዶክተሯ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሁለታችሁ ከአንድ እንቁላል ነው የመጣችሁት» አለች። «አቶ ኪሙታይ ዘንድ ያገኘሁት ሁሉ እርስዎም ዘንድ አለ። ለሩጫ ይረዳሉ ከምንላቸው ነገሮች ውስጥ አንዱም አልጎደለብዎትም።»

«ሆዱስ?» አላት ኪፕኬተር፤ የመጣለት እሱ ብቻ ነበር።

«ሆዱ የእርስዎ ሥራ ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዶክተሯ ከዚያ በኋላ ብዙ አስረዳች። የሯጭነት ዘር የሚባል አንድ ነገር እንደሌለ፣ ከወላጅ የሚወረሰው ጥቃቅኑ ብዙ እንደሆነ፣ አንዱ ለደም፣ አንዱ ለጅማት፣ አንዱ ለአጥንት ቅጥነት ትንሽ ትንሽ እንደሚያግዝ፣ ሁሉም ቢሟላ እንኳ ማን እንደሚያሸንፍ ከምራቅ ማንበብ እንደማይቻል፣ የከፍታው አየርም፣ ምግቡም፣ ልምምዱም፣ የሰውየው ፍላጎትም የየራሱ ድርሻ እንዳለው ነገረቻቸው። ይህን ግን ማንም አልሰማትም። ሁሉም የኪፕኬተርን እግር እያየ ነበር። በመጨረሻ አሰልጣኝ ሮኖ ራሱን ነቀነቀና ሁለት ሻምፒዮን ነበረን፣ አንዱን ወተት ስናስጭነው ኖርን አለ። እንደገና ተሳቀ። ኪሙታይ ግን አልሳቀም። ወንድሙን ትክ ብሎ አየው፤ ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮም በኪፕኬተር ደጃፍ ድርሽ አላለም፤ ልምምዱንም ብቻውን በሌላ መንገድ ያደርግ ጀመር።

ወሬው ከወተቱ ቀድሞ ነበር የሚደርሰው። ኪፕኬተር ወተት ሊያስረክብ ሲሄድ ሴቶቹ እግርህን የት አስቀምጠኸው ነበር ይሉታል። ሽማግሌዎቹ ስንት ሜዳሊያ በሙርሲክ አሰጠምክ ይሉታል። ቀልድ ነው፤ እሱም ሰውን በቀልድ ሲያቆስል የኖረ ሰው ነውና ሊቆጣ አይችልም። እስቃለሁ ይላል፣ ሳቁ ግን ከጉብታው ማዶ መሰማቱ ቀርቷል። ያቺ «እግር አልተሰጠኝም» የምትለው መልሱ ከአፉ ላይ ተነጥቃለች። እግሩን ሲታጠብ ባቱን አገላብጦ ያያል። ሰው የማያውቀውን ዕቃ በገዛ ቤቱ ሲያገኝ እንደሚያደርገው ነካ ነካ ያደርገዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የወንድሙ መጥፋት ነው። ኪሙታይ የተቆጣኝ እሱ ለዓመታት ሲቃጠል እኔ ተኝቼ በመክረሜ ነው ብሎ አመነ፤ እንቅልፍም ነሳው።

አንድ ከሰዓት ወደ ሴንጌ ታብሉሌ ቤት ሄደ። አሮጊቷ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች። ከጎኗ ተቀመጠና ለመፈልፈል አንድ ራስ አነሳ።

«ሴንጌ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ያኔ በአራፕ ቱዌይ ስም ራሴ ነኝ ያስነጠስኩት?»

«አንተማ እንቢ አልክ» አለችው ሳታፍር። «ስንት ሙት ጠራሁልህ፤ ዝም ብለህ ታየኛለህ። ላሞቹ አልታለቡ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል። የአባቴ ስም ላይ ስደርስ ሱረቱን ጠቀም አድርጌ አስጠጋሁልህ።»

«አታለሉኛ!»

«ምን አታለልኩህ? ከዚህ ቤት ወንዶች ሁሉ ሲመጣ ሰው ደስ የሚለው እሱ ብቻ ነበር። አራፕ ሌል ከብቱን መለሰ እንጂ ከሚስቱ ጋር አንድ ቀን በሰላም ውሎ አያውቅም። ደጉን መርጬ ብሰጥህ ትወቅሰኛለህ?»

ኪፕኬተር በቆሎውን ጨርሶ ፈልፍሎላት፣ ጉንጯን ስሞ ወጣ። ግን ደሙም እግር ነበረህ ይላል፤ የመጣበት ነፍስም በአክስቱ ሱረት የመጣ ሆነ። ከእንግዲህ የሚደገፍበት ሰበብ አልቀረም። በማግስቱ ጠዋት ወተቱን ለጎረቤት ልጅ ሰጥቶ አሰልጣኝ ሮኖ ፊት ቆመ።

«ጫማ አለህ?» አለው አሰልጣኙ።

«ላም የማልብበት ቦቲ አለኝ።»

ሮኖ ከልቡ ሳቀ፤ ግን የኪሙታይን አሮጌ ጫማ ከመጋዘን አውጥቶ ሰጠው። ልክክ አለለት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መንደሩ ያለ ክፍያ ያያቸው ትርዒት ነበሩ። ሕዝቡ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቀዋል፤ ሆዱ ቀድሞ ይመጣል፣ እሱ ይከተላል። ዳገቱ ሥር ሲደርስ ይቀመጣል። ያለፉት ሯጮች ደግሞ በተራቸው ምን ጠፋብህ ይሉታል፤ ይገባዋል፤ እሱም ትንፋሽ ባገኘ ቁጥር ይሰድባቸዋል።

ከዚያ ግን ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። የዝናቡ ወራት አልፎ በቆሎው ሲያሽት የኪፕኬተር ሆድ ጠፋ። ጉንጩ ጎደጎደ። ከኋላ ያየው ሰው ኪሙታይ መስሎት ሻምፒዮን እያለ ይጠራው ጀመር። አንድ ጠዋት ከካምፑ ልጆች ጋር ረጅሙን ዳገት ሲወጡ የሆነ ነገር ተፈጠረ። እግሩ ከባድ መሆኑን ተወ። ትንፋሹ በራሱ ጊዜ ይመጣል ይሄዳል፤ ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላው ቀሩ፤ እሱ የሚያደርገው ነገር ያለ እንኳ አይመስለውም ነበር። ጫፉ ላይ ብቻውን ደርሶ ቆመ። ታች የሻይ እርሻው ተዘርግቷል፤ ከየጎጆው ጭስ ይወጣል። ኪፕኬተር እዚያ ቆሞ አለቀሰ። ነበረኝ ለካ፣ ይህ ሁሉ ዓመት ነበረኝ አለ። ሰው የሞተበት ያህል ነበር ኀዘኑ፤ የሞተው ደግሞ ማንም ያላየው፣ እሱ ሊሆን ይችል የነበረው ሰው ነው። ልጆቹ ሲደርሱ ዓይኑን ላብ ነው ብሎ ጠረገ።

አሰልጣኝ ሮኖ የሮጠበትን ሰዓት አይቶ ማንንም አላማከረም። ወዲያው ወደ አንድ የአውሮፓ ከተማ ማራቶን አዘጋጆች ደወለ። በዕድሜ ገፋ ያሉ የሚወዳደሩበት ምድብ እንዳለ፣ ሁለቱ መንትዮች ጎን ለጎን ቢቆሙ አዘጋጆቹ በደስታ እንደሚቀበሏቸው ለኪፕኬተር ነገረው። መልሱን እስከ ሰኞ ማሳወቅ አለበት። ኪፕኬተር እሺም እምቢም ሳይል ወደ ቤቱ ሄደ። መሄድ ማለት ከዚህ በኋላ እንደ ወንድሙ መኖር ነው፤ መቅረት ማለት ደግሞ ያገኘውን እግር እያወቀ ለሁለተኛ ጊዜ መጣል ነው።

ቤቱም ቢሆን የድሮው ቤት አልነበረም። ሲመጣ ደክሞት ይመጣል፤ ኡጋሊውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ በልክ ቆርሶ ይበላል፤ ልጆቹ ሲጠጉት ዓይኑ ይከደናል። ቦቃዋ ላም ለባዕድ እጅ ወተቷን አልለቅ ብላ እየደረቀች ነው። ጄሩቶ ሁሉንም ዝም ብላ ስታይ ከርማለች። የአሰልጣኙን ጥያቄ ሲነግራት ሰሃኗን አስቀመጠች።

«እሄዳለሁ ካልክ ሻንጣህን አዘጋጃለሁ» አለችው። «ግን እወቀው፣ እኔ ቀጭን ባል አልተመኘሁም። የሚያወራ ባል ነው ያገባሁት። እሱን የት እንዳደረስከው እስካሁን አልነገርከኝም።»

እሑድ ከሰዓት ኪፕኬተር ወደ ላሞቹ በረት ወረደ። ቦቃዋን ካቆመ በኋላ ጎንበስ ብሎ ማለብ ጀመረ። መጀመሪያ እምቢ አለች። ያቺን ድሮ የሚያዜምላትን ለዛ የሌላት ዜማ ሲጀምርላት ጆሮዋን አንቀሳቀሰች፤ ወተቱም መጣ። በጣቶቹ መሀል ሙቀቱ ሲሰማው ሰውነቱ በሙሉ ላላ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ያገኘው ነገር ትልቅ ነበር፤ ይህን አይክድም። ግን እዚያ ሲደርስ የሚነግረው ሰው ነበር የፈለገው። እዚህ ደግሞ ምንም አልጎደለበትም። ለካ ድሮም እዚህ የተቀመጠው እግር አጥቶ አልነበረም። አሁን እያወቀ ሊቀመጥ ነው፤ ይህም ልቡን ቀለል አደረገው።

ቀና ሲል ኪሙታይ የበረቱ በር ላይ ቆሟል። ያን ሁሉ ወር ጠፍቶ፣ አሁን ባዶ እጁን መጥቷል። ቆመው ሲተያዩ አንድ ዓይነት ጉንጭ፣ አንድ ዓይነት ትከሻ ነበራቸው፤ ሁለቱም ይህን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

«አልሄድም» አለ ኪፕኬተር ሳይጠየቅ። «ነገ ለሮኖ እነግረዋለሁ። መቻሌን አይቻለሁ፤ ይበቃኛል። አንተ ግን ተቆጥተህብኛል፤ አውቃለሁ። አንተ ስትቃጠል እኔ ተኝቼ ከርሜያለሁ።»

«ማን ተቆጣ?» አለ ኪሙታይ።

ገባና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ልለብ ብሎ እጁን ዘረጋ። ማለብ አያውቅበትም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ከላም ሥር አስነስተው ሲልኩት ነው ያደገው። ቦቃዋ እግሯን አነሳች፤ ኪፕኬተር ቀንዷን ይዞ አረጋጋት። ኪሙታይ ጡቷን እንደያዘ፣ ወደ ወንድሙ ሳያይ መናገር ጀመረ። ያወራው ስለ እናታቸው ነበር። እናታቸው የሞተችው ኪሙታይ ባሕር ማዶ ለውድድር በሄደበት ሳምንት ነው። እስከ መጨረሻው በማንኪያ ወተት እያጠጣ፣ እያገላበጠ ያስታመማት ኪፕኬተር ነበር። ኪሙታይ የደረሰው ከተቀበረች በኋላ፣ ሜዳሊያ በኪሱ ይዞ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ስለዚያ ሳምንት አንድም ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

«ዶክተሯ አንድ ናችሁ ስትል ሁላችሁም እግሩን ነው ያያችሁት» አለ ኪሙታይ። «እኔ ያሰብኩት እማዬን ነው። እንግዲያው እኔም እዚያ ነበርኩ አልኩ። አጠገቧ። ከዚያ ደግሞ ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ ብዬ አፈርኩ። አንተ የደከምክበትን ልወስድ። ፊትህን ማየት ያቃተኝ ለዚህ ነው።»

ኪፕኬተር የቦቃዋን ጀርባ አሻሸ።

«መጨረሻ ላይ ዓይኗ አያይም ነበር» አለ በኋላ። «ፊቴን ዳሰሰችኝ። ያኔም በጭንቀት ከስቼ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ኪሙታይ ብላ ጠራችኝ።»

የኪሙታይ እጅ ቆመ። «ምን አልካት?»

«አቤት አልኳት።»

ኪሙታይ ግንባሩን በላሟ ጎን ላይ አስደገፈ። ኪፕኬተርም እስኪነሳ ድረስ ላሟን ያዘለት።